ከመምታት በፊት መሰብሰብ፦ ከሞርፊ ጥቃት እስከ ሰንጠረዣችን ወረራ

ቼዝ ከጀመረ ገና ወር ያልሞላው ተጫዋች አንድ ጠባይ አለው፤ ንግሥቲቱን ቶሎ ማውጣት ይወዳል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው እርምጃ ንግሥቲቱ ብድግ ብላ ሜዳ ትገባለች። ልጁም "አጠቃሁ" ይላል። ተጋጣሚው ጨርሶ የማያውቅ ከሆነ በአራት እርምጃ ማት ይሆንና ሻይ ይጋብዛል። ትንሽ ካወቀ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፈረሱን ሲያወጣ ንግሥቲቱ ትሸሻለች፣ ወታደር ሲገፋ እንደገና ትሸሻለች። እሷ ወዲህ ወዲያ ስትል የወዲያኛው ሠራዊት በሙሉ ወጥቶ ይሰለፋል። በዶርማችን ኮሪደር ላይ ይህን ያላየ ካለ ቼዝ ሲጫወቱ ቆሞ አይቶ አያውቅም ማለት ነው።

ለመሆኑ ማጥቃት ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ድፍረት ይመስለናል። በታሪክ ስማቸው የሚነሳው አጥቂዎች ጨዋታ ሲታይ ግን ከድፍረቱ በፊት የሚመጣ ሌላ ነገር አለ። እሱም መሰብሰብ ነው። የሚመታው ቦታ ላይ ከተከላካዩ የበለጠ ኃይል ሳይደርስ መምታት አይቻልም። ይህን በቼዝ ታላላቆች ጨዋታ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ከዚያ ደግሞ ወደ ሀገራችን እመለሳለሁ፤ ምክንያቱም አያቶቻችን ይህንኑ ሐሳብ የጨዋታ ሕግ አድርገው ይዘውት ነበር። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

ከፓሪስ እንጀምር። ዓመቱ 1858 ነው። ፖል ሞርፊ የሚባል የኒው ኦርሊንስ ልጅ፣ ዕድሜው 21 (የእኔ እኩያ ማለት ነው)፣ ኦፔራ ሊያይ በተጋበዘበት ቦታ ከሁለት መኳንንት ጋር ቼዝ ይዟል። አንዱ የብራውንሽቫይግ መስፍን ሲሆን ሌላው ኢዙዋር የሚባል ፈረንሳዊ ባላባት ነው። ሁለቱ እየተመካከሩ ይጫወታሉ፤ ሞርፊ ብቻውን ነው። ጨዋታው በ17 እርምጃ አለቀ። ከ160 ዓመት በላይ አልፎትም ዛሬም ቼዝ የሚያስተምር ሰው መጀመሪያ የሚያሳየው እሱን ነው።

ሞርፊ ዘጠነኛውን እርምጃ እንደተጫወተ እናቁመውና እንቁጠር። ነጭ ሁለቱን ጳጳሶች፣ አንድ ፈረስና ንግሥቲቱን አውጥቷል፤ አራት መሆናቸው ነው። ጥቁር ያወጣው አንድ ፈረስና ንግሥቱን ብቻ ነው። ንግሥቲቱም የቆመችው የራሷን ጳጳስ መውጫ ዘግታ ነው። ንጉሡ ገና መሀል ላይ ነው፤ ወደ ጥግ ገብቶ አልተጠለለም። እንግዲህ ይህን ያየ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን አይቶ መገረም የለበትም። ሞርፊ ፈረሱን ሰጥቶ ሁለት ወታደር በላና የንጉሡን ሰፈር ከፈተ። ግንቡን ባዶው መስመር ላይ አቆመ። ያንን ግንብ ሰጥቶ ፈረስ በላና ወዲያው ሁለተኛውን ግንብ በቦታው ተካ። በመጨረሻ ንግሥቱን ራሷን ሰጠና በግንብ ማት አለ።

ማት በተባለበት ሰዓት ጥቁር ንግሥት፣ ግንብ፣ ጳጳስና ፈረስ አለው። ነጭ ከወታደሮቹ ሌላ የቀረው አንድ ግንብና አንድ ጳጳስ ብቻ ነው። በጠቅላላ ሀብት ከታየ ጥቁር ጌታ ነው። ግን አንደኛው የጥቁር ግንብና አንደኛው ጳጳስ ከተቀመጡበት ካሬ ጨዋታው እስኪያልቅ አንዴም አልተነቃነቁም። ቤት ተቆልፎባቸው የቀሩ ወታደሮች ማለት ናቸው፤ ቢኖሩም የሉም። ሞርፊ ያሸነፈው በዛ ያለ ኃይል ኖሮት ሳይሆን ያለው ኃይል ሁሉ ወደ አንድ ሰፈር ስለደረሰ ነው።

ይህን በሥርዓት ያስቀመጠው ደግሞ ከሞርፊ በኋላ የመጣው ቪልሄልም ሽታይኒትስ ነው። በ1886 የመጀመሪያው ይፋዊ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። የሱ ትምህርት ባጭሩ ሲነገር፣ ብልጫ የሌለው ሰው ካጠቃ ራሱን ይጎዳል፣ ብልጫ ያለው ደግሞ ካላጠቃ ብልጫው ይተንበታል። እንዲህ ሲባል ቀዝቃዛ ሰው ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። በ1895 እንግሊዝ አገር ሄስቲንግስ ላይ ከፎን ባርደሌበን ጋር ሲጫወት ግንቡን ከጠላት ንጉሥ አጠገብ አቁሞ "ብላኝ" እያለ አስጨነቀው። የሚበላበት መንገድ አልነበረም። ባርደሌበን "ተሸነፍኩ" ማለት አቅቶት ከአዳራሹ ወጥቶ ሄደና ሰዓቱ እስኪያልቅ ተጠበቀ።

እሺ፣ እኛ ሞርፊም ሽታይኒትስም አይደለንም። አንድ ሐሳብ ይዘን እንድንሄድ ግን ከሁሉም የቆየውን ልምረጥ። ጆአኪኖ ግሬኮ የሚባል የካላብሪያ ሰው በ1600ዎቹ መጀመሪያ ጽፎት የሄደ ነው። ንጉሡ ወደ ጥግ ገብቶ ከፊቱ ሦስት ወታደሮች ቆመዋል እንበል። ነጭ በጳጳሱ የዳሩን ወታደር በልቶ ቼክ ይላል። ንጉሡ ጳጳሱን ይበላል። ፈረስ ዘሎ ይገባል፣ እንደገና ቼክ። ከዚያ ንግሥት ትከተላለች። መሥዋዕቱ የሚሠራው መቼ ነው? ጳጳሱ ሲመታ ፈረሱና ንግሥቲቱ መንገዳቸው ክፍት ከሆነ፣ የጥቁር ፈረስም ንጉሡን ከሚጠብቅበት ቦታ ከተባረረ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጳጳሱ በከንቱ ሞተ። ስለዚህ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እዚያ ሰፈር እኔ ስንት አለኝ? እሱስ ስንት አለው?

መሥዋዕት ግን ከቼዝ መጽሐፍ ብቻ የሚማሩት ነገር አይምሰላችሁ። ባደግሁበት በቦንጋ ከሰዓት ዝናቡ ሲይዝ ሰው በየቤቱ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ይጠለላል፤ እዚያ የሚጫወተው ደግሞ ዳማ ነው። ሰሌዳው ካሬ የተሠመረበት ጣውላ ወይም ካርቶን ነው፤ መጫወቻው ቆርኪ ሲሆን የአንዱ ወደ ላይ፣ የሌላው ተገልብጦ ይቀመጣል። ዳማ ላይ መብላት ግዴታ ነው። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች አንድ ቆርኪ ይሰጥሃል፣ አንተም ሳትወድ ትበላለህ፣ ከዚያ እሱ ሦስት ይለቅማል። አንድ ሰጥቶ ሦስት መብላትን በልጅነቱ በቆርኪ የለመደ ሰው የሞርፊን ፈረስ ሲያይ አይደነግጥም። እንደኔ አስተያየት ቼዝን በሞባይል ብቻ ከተማረው ይልቅ የዳማ ልጅ ለማጥቃት ይቀርባል። የሚጎድለው መቁጠሩ ነው፤ ምክንያቱም ዳማ ላይ ንጉሥ እስኪወጣ ድረስ ሁሉም እኩል ነው፣ ቼዝ ላይ ግን ሁሉም የየራሱ አካሄድ አለው።

ታዲያ እኛ ኢትዮጵያውያን ከዳማና ከገበጣ ሌላ የራሳችን ቼዝ ነበረን ወይ? ነበረን። ስሙም ሰንጠረዥ ነው። ዛሬ ሰንጠረዥ ስንል የሒሳብና የቁጥር ሣጥን፣ ወይም የኳስ ክለቦች ደረጃ ነው ትዝ የሚለን። ቃሉ ግን ከሕንድ በፋርስና በዓረብ በኩል ዞሮ የመጣው የጨዋታው ስም ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን አፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ እንግዳ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን ሲያገኝ ራስ ሰንጠረዥ ወዳጅ ሆነው አግኝቷቸዋል። እቴጌ ጣይቱም ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል። ሕጉን ሰብስበው በ1971 ያሳተሙልን ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው።

ሰሌዳው እንደ ዛሬው ስምንት በስምንት ነው፤ ነገር ግን ጥቁርና ነጭ የለውም። ጨርቅ ላይ መስመር ማስመር ይበቃል። ሁለት ነገሮች ግን በጣም ይለያሉ። አንደኛ፣ ኃይለኛዋ ንግሥት የለችም። በሷ ቦታ ያለው ፈርዝ አንድ ካሬ ብቻ በሰያፍ ይሄዳል። በጳጳሱ ቦታ ያለው ፊል፣ ዝሆን ማለት ነው፣ በሰያፍ ሁለት ካሬ ይዘላል፤ ከዚያ አይበልጥም። ሜደቅ የሚባለው ወታደርም አንድ አንድ ነው የሚራመደው። ኃይል ያላቸው ግንቡና ፈረሱ ብቻ ናቸው። ከዚህ የሚከተለውን አስቡት። የዶርማችን ልጅ እንደሚያደርገው አንዷን ንግሥት ይዞ ሮጦ ማጥቃት እዚህ አይሠራም። ደካማ ደካማውን ካላሰባሰብክ ማንንም አትነካም።

ሁለተኛው ልዩነት ደግሞ እኔን ቁጭ ብዬ እንድጽፍ ያደረገኝ ነው። የጨዋታው መጀመሪያ ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ በየፍጥነታቸው፣ የፈለጉትን ያህል እርምጃ ይሄዳሉ። አንዱ አምስት ሲሄድ ሌላው ሦስት ሊሄድ ይችላል። ዓይናቸው ግን ከተቃራኒው አሰላለፍ አይነሳም፤ እሱ በቀኝ ሲሰበሰብ አይተህ የራስህን መልሰህ በሌላ መንገድ ማሰለፍም ትችላለህ። ይህ የሚቀጥለው አንዱ የሌላውን የመጀመሪያ መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ነው። ያን ጊዜ ወረራው ያበቃል። ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ቼዝ በየተራ ነው።

እንግዲህ ሞርፊን አስታውሱ። ሞርፊ ያሸነፈው አራት ለሁለት አውጥቶ ስለነበረ ነው ብለናል። ሰንጠረዥ ይህችን የማውጣትና የማሰለፍ ሰዓት ለብቻዋ ለይቶ ስም ሰጥቷታል። ደግሞም ወረራው መቼ እንደሚያበቃ የሚወስነው የመጀመሪያውን መብል የሚበላው ሰው ነው። እሱ ዝግጁ ሆኖ ሌላው ገና እያሰለፈ ከሆነ ያን ጊዜ ይመታል። "አሁን ልምታ ወይስ አንድ ልጨምር?" የሚለው የአጥቂ ሁሉ ጥያቄ በአንድ እጅ እንቅስቃሴ የሚመለስ ይሆናል ማለት ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ የማጥቃት ማስተማሪያ በየትኛውም የቼዝ መጽሐፍ አላየሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ቦንጋ ላይ ወረራ የሚለው ቃል የጨዋታ ቃል ብቻ አይደለም። የከፋ መንግሥት በድንበሩ ዙሪያ በተቆፈረ ቦይና በኬላ በር ይጠበቅ ነበር። በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ዘምቶ አገሩን ያዘ፤ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተማረኩ። ይህን የሕዝብ መከራ የቼዝ ምሳሌ ማድረግ አልፈልግም። ቃሉን የከፋ አንባቢ ሲያየው ምን እንደሚሰማው ግን አውቃለሁ። በጨዋታው ውስጥ ወረራ ማለት ሁለቱም ወገን እኩል የሚሰለፍበት ሰዓት ነው፤ እውነተኛው ወረራ እንዲህ አልነበረም።

ወደ ሕጉ ልመለስ። ሰንጠረዥ ላይ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማለት አይቻልም። ይህ ቀላል ሕግ አይደለም። በዛሬው ቼዝ አንድ ፈረስ ከበለጥክ ሁሉንም በዘዴ እያቀያየርክ፣ እየበላህ፣ በመጨረሻ ራቁቱን የቀረ ንጉሥ በግንብ ጥግ አስገብተህ መግደል ትችላለህ። ውድድር ላይ አብዛኛው ነጥብ የሚገኘውም እንደዚያ ነው፤ ማንም አይወቅስህም። ሰንጠረዥ ላይ ግን ሁሉን ከበላህ አላሸነፍክም። ተጋጣሚህ ገና ሰው እያለው ነው ንጉሡን መያዝ ያለብህ። ስለዚህ ተጫዋቹ ወዶም ሳይወድም አጥቂ ይሆናል።

ማቱ ራሱም ደረጃ አለው። በግንብ ወይም በፈረስ የተሰጠ ማት ማት ነው፤ ነገር ግን አድናቆት አያስገኝም፤ ጉልበት ስላለው ምን ይደንቃል ይባላል። በፊል ወይም በፈርዝ ከሆነ ይመሰገናል። ሁለት ደካሞች ተጋግዘው ሲሰጡት ይበልጥ ይመሰገናል፤ ሜደቅም እንደዚሁ። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ የሚመሰገነው ንግሥቱን ሰጥቶ የሚያሸንፍ ሰው ነው፤ የኛ ሰዎች ግን የሚያጨበጭቡት ማን እንደሞተ አይተው ሳይሆን ማን እንደጨረሰው አይተው ነበር። ለንደን ላይ በ1851 አዶልፍ አንደርሰን ከኪዘሪትስኪ ጋር ሲጫወት አንድ ጳጳስ፣ ሁለት ግንብና ንግሥት ሰጥቶ በአንድ ጳጳስና በሁለት ፈረስ ማት አድርጓል። ማቱን የሰጠው ጳጳሱ ነው፤ ጳጳስ ደግሞ በጥንቱ ጨዋታ የፊል ቦታ ላይ ያለው ነው። የራስ ወልደ ሥላሴ ሰዎች ቢያዩት ኖሮ በፈረሶቹ ትንሽ ይከራከሩ ይሆናል እንጂ አዳራሹ በጩኸት ይናጋ ነበር።

ጩኸት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ሰንጠረዥ በዝምታ አይጫወቱትም። ሶልት እንደጻፈው መጫወቻዎቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ትላልቅና ወፍራም ነበሩ፤ ሲበሉም በኃይል መትተው ከቦታው ያስለቅቁታል። ተጫዋቾቹ ያወራሉ፣ ተመልካቹ ይመክራል፣ ያሞግሳል፣ ይተቻል። ቦንጋ ላይ ዳማ የሚያይ ሰው ይህን አሁንም ያገኘዋል። እጁን ዘርግቶ "ይቺን፣ ይቺን!" የማይል ተመልካች የለም።

በዓለም ቼዝ ውስጥ ለዚህ ቅርብ የሆነው ሰው፣ ለኔ፣ ሚካኤል ታል ነው። ታል በ1936 ሪጋ ተወለደ። በ1960 ሞስኮ ላይ ሚካኤል ቦትቪኒክን አሸንፎ በ23 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በስድስተኛው ጨዋታ ጥቁር ይዞ ፈረሱን ሜዳ መሀል አቀረበና "ውሰድ" አለ። አዳራሹ ተንጫጫ። ጫጫታው አልበርድ ስላለ ዳኛው ተጫዋቾቹን ወደ ኋላ ክፍል ወስደው ጨዋታው እዚያ ተጨረሰ። በኋላ የመረመሩት ሰዎች ቦትቪኒክ የተሻለ መከላከያ እንደነበረው አሳይተዋል።

ታዲያ ታል በድፍረት ብቻ አሸነፈ? እንደዚያ የሚሉ አሉ። ጨዋታውን ግን ዘርግታችሁ እዩት። ፈረሱ ሲበላ የመሀሉ ወታደር ተነሥቶ ይበላል፤ እሱ ሲነሣ ከኋላው ተዘግቶ የነበረው ጳጳስ ከጥግ እስከ ጥግ ረጅም መስመር ይከፈትለታል። ግንቦቹም ቀድመው መስመር ይዘዋል። ሰዎቹ ሁሉ ቀድመው ተሰልፈው በር የሚከፍት ብቻ ነበር የሚጠብቁት፤ ፈረሱ በሩን ከፈተ። ታል ተጋጣሚውን መውጫው ወደማይታይበት ጫካ ማስገባት ይወድ ነበር ይባላል። ለከፋ ልጅ ይህ ምሳሌ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ጫካ ውስጥ የሚያሸንፈው መንገዱን ቀድሞ ያየው ነው። በሚቀጥለው ዓመት በመልሱ ግጥሚያ ቦትቪኒክ ተዘጋጅቶ መጣና ማዕረጉን መልሶ ወሰደ።

ጋሪ ካስፓሮቭ በ1999 ኔዘርላንድስ ላይ ቶፓሎቭን ያሸነፈበትን ጨዋታም ማየት ለሚፈልግ እመክራለሁ። የቶፓሎቭ ንጉሥ ከቤቱ ተጎትቶ ሰሌዳውን አቋርጦ እስከ ነጭ የመጀመሪያ መስመር ድረስ ተባርሯል።

የሞርፊን ዘጠነኛ እርምጃ ላይ ቆመን መቁጠር የቻልነው ግን በምን ምክንያት ነው? የጻፈው ሰው ስለነበረ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ተመዝግቧል። የታል፣ የአንደርሰን፣ የሽታይኒትስም እንዲሁ። ወደ ሀገራችን የመጡት ተጓዦች የጻፉልን ግን ስለ ጨዋታው ወግ ነው፤ ስለ ጩኸቱ፣ ስለ መጫወቻው ውፍረት፣ ስለ መኳንንቱ። ለራስ ወልደ ሥላሴ እንደ ሞርፊ እርምጃ በእርምጃ የመዘገበላቸው የለም። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች በክፍል ውስጥ "ማን፣ መቼ፣ የት" እያልን እንማራለን፤ እዚህ ላይ ማንም፣ መቼም፣ የትም አለ። "እንዴት" የሚለው ነው የቀረው። ሰንጠረዥ እስከ 1935ቱ የጣሊያን ወረራ ድረስ በሰፊው ይጫወቱት ነበር፤ ከዚያ በኋላ እየጠፋ ሄደ። ይህ ማለት አባቱ ሲጫወት ያየ ሰው ጥቂት ዓመት በፊት እንኳ ሊገኝ ይችል ነበር።

ሕጉ ስላለን ግን መሞከር አይከለከልም። የዛሬውን የቼዝ ሰሌዳ ውሰዱ። ንግሥቲቱን ፈርዝ አድርጓት፣ አንድ ካሬ በሰያፍ ብቻ። ጳጳሶቹን ፊል አድርጓቸው፣ ሁለት ካሬ በሰያፍ ይዝለሉ። ይህን ሳትለውጡ ወረራ ብትሞክሩ አይሆንም፤ የዛሬዋ ንግሥት በሁለት እርምጃ ደርሳ ትበላና ወረራው ሳይጀመር ያልቃል። ወታደሮቹ በመጀመሪያው እርምጃቸውም አንድ ብቻ ይሂዱ። ሰሌዳ የሌለው በጣውላና በቆርኪ ይችላል፤ ቆርኪው ላይ በእስክሪብቶ ስሙን መጻፍ ነው። ሦስተኛ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ አጠገባቸው ይቀመጥ። በወረራ ጊዜ ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ስለሚንቀሳቀስ እርምጃውን መከተል አይችልም፤ መጀመሪያው መብል ሲሆን ግን "ቁሙ" ብሎ የሁለቱን አሰላለፍ እንዳለ ይሳለው፣ ከሥሩ ቀኑንና ማን ቀድሞ እንደበላ ይጻፍበት፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን በየተራ ይመዝግብ።